የፊት አጥቂው ማልያ

ማክሰኞ

አሁንም አልጨረሱም። ከጠዋት ጀምሮ ሱቄ ውስጥ የሚወራው አንድ ነገር ነው፤ እሑድ ከአዘዞ ወታደሮች ጋር ስንገጥም ፊት አጥቂ ማን ይሁን? ሱሪ ሊያሳጥር የመጣው ሁሉ ይፈርዳል። ግማሹ ጌታቸው ይላል፣ የመኪና ጋራዡን ሠራተኛ። ግማሹ ታከለ ይላል፣ ከድብ ባሕር መጥቶ እዚህ የቀረውን ግንበኛ። የሚመርጠው ግን የቡድኑ አለቃ ነው፤ አለቃው ደግሞ እኔ ዘለቀ ልብስ ሰፊው ነኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ሰው በዓይኔ ለክቻለሁ። ዓይኔ አይሳሳትም።

አምና ሦስት ለባዶ ተሸንፈን ፒያሳን አንገታችንን ደፍተን ነው ያቋረጥናት። ዘንድሮ አይደገምም።

ጌታቸው፦ ፈጣን፤ ግራ እግሩ ጥሩ፤ ኳስ መስጠት አይወድም።
ታከለ፦ ብርቱ፤ ዝምተኛ፤ ቀን የሚለይበት።

ረቡዕ

በምሳ እረፍት ልምምድ ነበር። ጣሊያን ከወጣ ስንት ዘመኑ፣ ፒያሳ ግን ዛሬም እንደ እሱ ጊዜ እኩለ ቀን ላይ ሱቁን ይዘጋል። ለእኛ ለኳሰኞቹ በጀን። ሽሮዬን ቶሎ ቶሎ ጎራርሼ ከግንቡ በታች ወዳለው ሜዳ ወረድኩ።

ጌታቸው ሜዳው ላይ እሳት ሆኖ ዋለ። ታከለ ውኃ እንደጠጣ ጋቢ ተጎተተ፤ ሁለት ጊዜ ኳስ በእግሩ ሥር አለፈችው። ስንመለስ ጠጋ አለኝ። ሠላሳ ሊሞላው ነው፤ ዘንድሮም ሜዳ ዳር ከተቀመጠ ኳስ ሊተው ቆርጧል። «አልለምንህም፤ አይተህ ፍረድ አያ ዘለቀ» አለኝ።

ፈረድኩ። የፊት አጥቂውን ማልያ በጌታቸው ወገብ ልክ አጠበብኩት።

ሐሙስ

ይህ ሰው ምንድን ነው? ያው ሜዳ፣ ያው ሰዓት፣ ያው ኳስ። ታከለ ሦስት ሰው አልፎ አገባ፣ ደግሞ አገባ። በረኛችን በሽር፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ ሁለተኛዋን ዞሮ ከኋላው ነው ያያት።

ማልያውን ምን አስቸኮለኝ ብዬ ተናደድኩ። ሳስበው ሰኞም እንዲህ ነበር፤ ያለፈው ዓርብ ግን ሞቶ ነው የዋለው። ስሜቱ የሚነዳው ሰው ነው፤ እንዲህ ባለ ሰው ላይ ቡድን አይጣልም። ነገ የመጨረሻው ልምምድ ነው። ነገ ይለይለታል።

ዓርብ

ለየለት። ጥቂት ሮጦ ጉልበቱን ይዞ ቆመ። እሑድ የሚሰለፈው ጌታቸው ነው ብዬ በሰው ፊት ነገርኩት። «እሺ አያ» ብሎ ጫማውን ፈታ።

በሽር እስከ ሱቄ ተከተለኝና መቀሱን ከእጄ ወስዶ አስቀመጠው።

«ምነው ዘለቀ፣ ከንፈሩን አላየኸውም? ሰውየው ጾመኛ ነው። እኔም በረመዳን ይኸው አፍ ነው ያለኝ፤ አውቀዋለሁ።»

ረቡዕና ዓርብ! ታከለ ከማለዳ ድንጋይ ሲጠርብ ቆይቶ ውኃ እንኳ ሳይቀምስ ነው የሚመጣው። እኛ የምንለማመደው በሰባት ሰዓት፣ እሱ አፉን የሚፈታው በዘጠኝ። ምነው አልነገረኝም ብዬ ልቆጣ ቃጣኝ። ለመሆኑ ጾሙን በአደባባይ የሚያወራ ጾመኛ የት አለ? እኔ ክርስቲያኑ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ሽሮ የምጎርሰው፣ ያላየሁትን እስላሙ በሽር አየው። አፈርኩ። ማንም ስለማያነበው እጽፈዋለሁ፤ በጣም አፈርኩ።

ቅዳሜ

በጠዋት ታከለ አጥር ወደሚገነባበት ቤት ሄድኩ። የነገው ፊት አጥቂ አንተ ነህ አልኩት፤ ስለ ጾሙ ግን ትንፍሽ አላልኩም። መሮውን አስቀምጦ የጠየቀኝ ጌታቸው ያውቅ እንደሆነ ብቻ ነው።

ጌታቸው አላወቀም ነበር። ስነግረው ማልያውን ስፌት መኪናዬ ላይ ወረወረው። ግራ ክንፍ ላይ ተሰለፍ ስለው «ቃል የሌለው አለቃ» ብሎኝ ወጣ። እውነቱን ነው። ካልመጣ ግን አሥር ሆነን ልንገጥም ነው።

ያጠበብኩትን ስፌት ፈታሁ። ምርጫዬ ግን ትክክል ነው፤ በዚህስ አልጠራጠርም።

እሑድ

ጌታቸው መጣ፤ ያውም ከሁላችን ቀድሞ። ሰላም አላለኝም፤ ግራ ክንፍ ላይ ሄዶ ቆመ።

ታከለ ቅዳሴ አስቀድሶ፣ በልቶ መጣ። ወታደሮቹ ቀድመው አገቡብን፤ የሜዳው ዳር በሙሉ ዞሮ እኔን አየኝ። ከእረፍት በኋላ ጌታቸው፣ ያ ኳስ መስጠት የማይወደው፣ ከግራ አሻገረለት። ታከለ አንዱን በትከሻው ገፍቶ፣ ሌላውን አልፎ አገባ። አንድ ለአንድ አለቀ። ፒያሳን ዛሬ ቀና ብለን አቋረጥናት። ነገ ሱቄ ውስጥ ጌታቸው ቢሆን ኖሮ እናሸንፍ ነበር የሚል አይጠፋም፤ ይበል።

ታከለ ማልያውን አጥፎ ሰጠኝ። ኳስ ትተዋለህ ወይ ብዬ ለመጠየቅ ፈራሁ። እሱ ቀደመኝ።

«አያ ዘለቀ፣ ረቡዕ ልምምድ አለ?»

«አለ» አልኩት፤ «በአሥር ሰዓት።»

ቀና ብሎ አየኝ። ረቡዕ በአሥር ሰዓት ሱቄን መዝጋት ሊኖርብኝ ነው። እዘጋለሁ።