ወልድያ ድረስ ሄዶ ወረፋ የያዘው ሞተራችን

ለክቡር የነዳጅ ችግር መፍቻ ጊዜያዊ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎ፣ ከነሾፌርዎና ነዳጅ ጎድሎበት ከማያውቀው መኪናዎ ጋር እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ከግራና ከተማ ወረድ ብሎ ወንዝ በሞተር ስበን ሽንኩርት የምናለማ ገበሬዎች፣ አልሐምዱሊላህ፣ ጤናችን ደህና ነው። ደህና ያልሆነው ሽንኩርቱ ነው፤ ከእሱ ሌላ የዓመት ቀለብ ስለሌለን ጥቂት ላስቸግርዎ።

አንደኛ፤ ቤንዚን በጠፋበት በዚህ ክፉ ጊዜ ኮሚቴዎ መክሮ ዘክሮ ጥፋተኛውን ስላገኘልን ምስጋናችን ይድረስዎ። ጥፋተኛው ለካ ጀሪካን ኖሯል! ከማደያ በጀሪካን መቅዳት እንዲከለከል ካዘዙ ወዲህ ቢጫው ጀሪካናችን አርፎ ቤቱ ተቀምጧል፤ ቤንዚኑ ግን በሃይላንድ ፕላስቲክ እየተሞላ አስፋልት ዳር በጠራራ ፀሐይ ይቸበቸባል። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚለው ተረት ክቡርነትዎን እንደማይመለከት ለጎረቤቶቼ ለማስረዳት ብዙ ደክሜ አልተሳካልኝም።

ሁለተኛ፤ ከቀበሌው የድጋፍ ደብዳቤ ለሚያመጣ ገበሬ ልዩ አስተያየት እንዲደረግ መፍቀድዎ የአባት ወግ ነው። ባለቤቴ ዛኪር ሊያጽፍ ሲሄድ ሊቀ መንበሩ በነዳጅ እጥረት ላይ ሊወያዩ በመኪና ወደ ወልድያ መሄዳቸው ተነገረው። ውይይቱ አበል ስለነበረው ሳምንቱን ሙሉ አልተመለሱም።

ሦስተኛ፤ ነዳጅ የሚቀዳው ማደያው ድረስ በአካል ለቀረበ ሞተር ብቻ ነው ስላሉ፣ እኛ ደግሞ ትእዛዝ አክባሪዎች ስለሆንን፣ የውሃ መሳቢያ ሞተራችንን ከወንዙ ዳር ነቅለን በጎረቤታችን በሙሐመድዘይን ባጃጅ ጭነን ወልድያ ወሰድነው። ሞተሩ ከባጃጅና ከሞተር ሳይክል መሐል ወረፋ ይዞ ሲቆም ያየ ሁሉ ሳቀ፤ እውነቱን ለመናገር እኛም ሳቅን። በማግስቱ ተራው ደረሰና ሰሌዳው ተጠየቀ። ዛኪር ይህ ሽንኩርት የሚያጠጣ እንጂ መንገድ የሚሄድ አይደለም ብሎ ቢለምን፣ በመመሪያዎ መሠረት ሰሌዳ የሌለው እንደማይቀዳለት የማደያው ሠራተኞች በትሕትና ገለጹለት። ባጃጁ ግን ሰሌዳ ስለነበረው ተቀዳለት።

አራተኛ፤ ሙሐመድዘይን ስንመለስ ሲሪንቃ አጠገብ ባጃጁን አቆመና፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ለልጆቹ እንጀራ ከሚሮጥባት ቤንዚን ላይ በጎማ ቱቦ ለሞተራችን ቀነሰልን። የኮሚቴዎ ተቆጣጣሪዎችም ደረሱበት። እኛ ወሎዎች ለጎረቤት ማካፈል የምንለውን እርስዎ ሕገ ወጥ ዝውውር ብለው ስም ስላወጡለት ባጃጁ ታሰረ፣ ሞተሩም ኤግዚቢት ሆነ። በሃይላንድ የሚሸጡት ከዚያው መንገድ ዳር ሆነው ሲያዩን ነበር።

ሽንኩርቱ ያን ጊዜ ፍሬው ሊወፍር ጥቂት ቀርቶት ነበር። ከወንዙ በባልዲ እየቀዳን ብንሯሯጥም ያተረፍነው ለወጥ እንኳ አይበቃም። ወንዙ ከሥሩ እየፈሰሰ ሽንኩርታችን በውሃ ጥም አለቀ። ዛኪር ከብቶቹን ማሳው ላይ ሲለቅ ፊቴን አዙሬ አለቀስሁ፤ ይህን ሳላሽሟጥጥ ነው የምነግርዎ።

ክቡርነትዎ፣ እኛ መንግሥት መጥቶ ይረስልን አላልንም። ቤንዚን ባነሰ ጊዜ ምግብ ለሚያበቅለው ቅድሚያ እንዲሰጥልን፣ ይህ ካቃተውም የራሳችን ሰው ሲያካፍለን አይቶ እንዳላየ እንዲያልፈን ነበር ልመናችን። እርስዎ ግን በእጥረቱ ላይ መጨከን ቢያቅትዎ በእኛ ላይ ጨከኑ።

በተረፈ አላህ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ አጭር ስብሰባ፣ እንዲሁም አንድ ቀን እንኳ በእግርዎ ቆመው ወረፋ የመጠበቅን ጸጋ ይስጥዎ እያልሁ፣ የሙሐመድዘይን ባጃጅ እንዲፈታ እግርዎ ሥር ወድቄ እለምናለሁ።

ስለ ደግነትዎ ተናግራ የማትጠግበው፣
ሁሪያ አብዱሰመድ
ከሀብሩ

ሳልረሳው፦ በገበያው ሽንኩርት ስለጠፋና ስለተወደደ በእርስዎ ሰብሳቢነት አዲስ የሽንኩርት ኮሚቴ መቋቋሙን ሰምተናልና እንኳን ደስ ያለዎ። ሽንኩርት የደበቁ ገበሬዎችን አድነው እንዲይዙ የላኳቸው ሁለት ሰዎችም ትናንት ቤታችንን ፈትሸው ሄደዋል። የደበቅሁበትን ላሳያቸው ብዬ ወደ ማሳው ወሰድኋቸው። አንደኛው ጎንበስ ብሎ የደረቀውን የሽንኩርት ቅጠል ነካ ነካ አደረገና ውሃ ሳታጠጪ ለምን ተከልሽው ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄውን ለሚመለከተው አካል እንደማደርስለት ቃል ገብቼለት ነበር፤ ይኸው አድርሻለሁ።