እናትህ የቀመሱት ውሃ

ውድ ቀማሹ፣

ተናድጄብህ ነው የምጽፈው። ከተቀበርክም በኋላ አልበረደልኝም። ጠረጴዛህን ለሌላ ሰው ሊሰጡት ሲሉ ተጣልቼ አስቀርቼዋለሁ። ብርጭቆህም እንዳለ ነው።

ቤተ ሙከራ ውስጥ ምንም ነገር አይቀመስም ይባላል። አንተ ግን መቼ ሰው ትሰማለህ! የእናትህ ጉድጓድ ባሕር ሰርጎበት ጨው ከሆነ ወዲህ ሌላ ወሬ አልነበረህም። በዓይን የማይታዩ ቀጫጭን ቱቦዎች ደርድረን የሠራናት ወንፊት ውሃውን አሳልፋ ጨውን ደጅ ማስቀረት ስትጀምር፣ በየጠዋቱ አንድ ብርጭቆ ትጠጣ ጀመር። «እኔ ሳልጠጣው ለእናቴ አልሰጥም» ትለኝ ነበር። እስቅብሃለሁ እንጂ አንጀቴን ትበላው ነበር።

ጉበትህ ሲታመም ሐኪሞቹ መጠጥ ታበዛ እንደሆነ ጠየቁህ። ውሃ ብቻ ነው ብለህ አሳቅካቸው።

መለኪያችን የሚያውቀው ጨውን ብቻ ነው። ዜሮ ባለ ቁጥር እንደ ልጅ እንዘል ነበር። የወንፊቷን ጠርዝ የለጠፍንበት ሙጫ ቀስ በቀስ እየሟሟ ብርጭቆህ ውስጥ ሲገባም ያው ዜሮ ነው የሚለው። ይህን ያወቅሁት ከቀብርህ በኋላ፣ ውሃውን ሌላ ቦታ ልኬ ሳስመረምር ነው። ጨው ጨው ስንል ሌላውን ረሳነው። ያን ቀን የማጣሪያውን መሣሪያ አጠፋሁት።

ትናንት እናትህ መጡ። ዕቃህን ሊወስዱ መስሎኝ ነበር፤ ባዶ ጀሪካን ይዘዋል። ወንበርህ ላይ ተቀምጠው ጠረጴዛህን በመዳፋቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉት።

«ልጄ የሠራውን ውሃ አቅምሺኝ» አሉኝ።

ምን ልበላቸው? ልጅዎን የገደለው እሱ ነው ልበል? ለእርስዎ ብሎ ነው የጠጣው ልበል? ለሙከራ ከጉድጓዳቸው ቀድተህ ካመጣኸው፣ ገና ካልተጣራው ውሃ፣ በብርጭቆህ ቀዳሁላቸው። አፋቸው ውስጥ አቆይተው ዋጡት።

«ይሄማ የኔው ጉድጓድ ነው» አሉ። ብርጭቆውን ጠረጴዛህ ላይ አስቀመጡና፣ «አልሆነለትም ማለት ነው?»

«አዎ እማማ፣ አልሆነለትም።»

ባዶ ጀሪካናቸውን አንስተው ተነሡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉ። «እሱ እኮ ደርሼበታለሁ ብሎኝ ነበር» አሉኝ።

ደርሰህበት ነበር፤ አልሆነለትም ብዬ የነጠቅሁህ እኔ ነኝ። አሁን ያለ ሙጫ የሚገጥም ጠርዝ እየሠራሁ ነው። ከሆነልኝ፣ እንዳንተ ሳልቀምስ፣ በደንብ አስመርምሬ፣ ጀሪካን ሞልቼ ቤታቸው ድረስ እወስድላቸዋለሁ። ልጅዎ ነው የሠራው እላቸዋለሁ።

ዕድሜ ከሰጣቸው።

የጠረጴዛ ጎረቤትህ