በሰንሰለቱ ላይ የቀረ ክር

ሐሙስ፣ ሰኔ 4 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ ዳንግላ

አብሮኝ የሚያስተምረው ጌታሁን ዛሬም ሊጠይቀኝ መጣ። ብስክሌት ከገጨኝ ወዲህ አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም። የፈተና ወረቀቴን ከትምህርት ቤት የሚያመላልስልኝም እሱ ነው።

የዚያን ለት በገበያው ግርግር ጋሪ ላሳልፍ ጥግ ይዤ ቆሜ ሳለ ብስክሌት ከኋላዬ መጥቶ በአፍጢሜ ደፋኝ። ግራ እጄ ተሰበረ፣ የነጠላዬም ጫፍ ተቀደደ። ለጊዜው ራሴን ሳትኩ። ስነቃ ጋሪ ላይ ነኝ፤ ጌታሁን ደግፎ ይዞኛል።

"የገጨሽ አንድ የገጠር ጎረምሳ ነው፤ ሮጦ አመለጠ" አለኝ።

አመንኩት። ያንን የማላውቀውን ልጅ ስረግመው ሰነበትኩ። ጌታሁንም አብሮኝ ይረግመዋል።

ዛሬ እየተጫወትን ሳለ ዝናብ ጣለ። ጌታሁን የመጣበት ብስክሌት ደጅ ቆሞ ነበርና እንዳይበሰብስበት ብዬ በደህናው እጄ ወደ በረንዳው ልስበው ወጣሁ። በኋላ ጎማው በኩል፣ ሰንሰለቱ ላይ፣ ቅባት የጠጣ አረንጓዴ ክር ተጠምጥሟል። የነጠላዬ ጥለት ነው። ደጋግሜ አየሁት።

ስመለስ "ያን ባለጌ ባገኘው አልለቀውም ነበር" ይለኛል፣ ሻዩን እየጠጣ።

መግጨቱስ ይሁን። ሰውና ጋሪ በሚጋፋበት መንገድ ማንም ሊገጭ ይችላል፤ ያኔውኑ ቢነግረኝ ይቅር እለው ነበር። እንዴት ሰው ራሱን አብሮ ይረግማል? የሌለ ልጅ ሲያስረግመኝ ምን ይሰማው ነበር?

ነገ ሲመጣ ያንኑ ነጠላ ለብሼ፣ የተቀደደውን ጫፍ ወደ ፊት አድርጌ በሩን እከፍትለታለሁ።