አንጎላቸውን ለላቦራቶሪ የተናዘዙት እናታችን

እናታችን ከአውቶቡስ ሾፌር አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው፣ ከአምስት ልጆች የመጀመሪያዋ ሆነው ከሰባ አንድ ዓመት በፊት ተወለዱ። ትምህርታቸውን ጨርሰው በሃያ ሁለት ዓመታቸው በሆስፒታል ላቦራቶሪ ተቀጠሩ። እስከ ጡረታቸው ድረስ ከሟቾች የተወሰደ አንጎል በስሱ እየቆረጡ፣ ቀለም ውስጥ እየነከሩ በማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ ኖሩ። ባልደረቦቻቸው «ዓይናችን» ይሏቸው ነበር። በሃያ ሰባት ዓመታቸው ከሰዓት ሠሪው አባታችን ጋር ትዳር መሥርተው ታላቅ ወንድሜንና እኔን ወለዱ።

ስለ ሥራቸው ስንጠይቃቸው፣ አንጎል ቆሻሻ የሚጠርጉለት ዘበኛ ሕዋሳት እንዳሉት ይነግሩን ነበር። በአልዛይመር ሕመም የፕሮቲን ጉድፍ ሲከመር ዘበኞቹ ያቅታቸዋል፤ በሙከራ ላይ ያለ አዲስ መድኃኒት ጉድፉ ላይ እየተለጠፈ እንዲያነሡት ይቀሰቅሳቸዋል። «ዘበኛ ሲደነግጥ ግን የቤቱንም ሰው ይመታል» ይሉ ነበር፤ አንጎል ሊያብጥ እንደሚችል ሲያስረዱን።

በስድሳ አራት ዓመታቸው ተተኪዎቻቸውን ሊያስተምሩ ሄደው፣ የቀለም ጠርሙስ እንደያዙ «ይሄ ለምን ነበር?» ብለው ጠየቁ። አልዛይመር እንደያዛቸው በምርመራ ሲታወቅ ራሳቸው የመድኃኒቱ ሙከራ ውስጥ ገቡ። እኛም ከምርመራ ክፍሉ ደጅ ቆመን የሐኪሙን ፊት ከሩቅ ማንበብ ለመድን። በአራተኛው ወር ራሳቸውን አመማቸው፤ አንጎላቸው አብጦ ተገኘና መድኃኒቱ ቆመ። ወንድሜ ይብቃቸው አለ። እሳቸው ግን እብጠቱ እንደጎደለ እንዲቀጥልላቸው ጠየቁ። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ሙሉ ስማችንን አልረሱም፤ መድኃኒቱ ይሁን ዕድላቸው አናውቅም።

ቃላቸው ሳይደክም፣ ሲሞቱ አንጎላቸው ለላቦራቶሪው እንዲሰጥ ተናዘዙ። ወንድሜ «እናቴን ሳላጎድል ነው የምቀብራት» ብሎ ኑዛዜውን ከደገፍኩት ከእኔ ጋር ተኳረፈ። እናታችን ወንድሜን አስጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡት።

«የስንቱን እናት አይቻለሁ፣ ልጄ። እኔን ሲያዩኝ ምን ይቀንስብሃል?»



ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ በሳንባ ምች አረፉ። አንጎላቸውን ለላቦራቶሪው ለማስረከብ የቤተሰብ ፊርማ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያስፈልግ ነበር። ወንድሜ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አንብቦ ፈረመ።

እናታችን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና አራት ታናናሾቻቸውን ትተው ሄደዋል። ዘበኛ ሕዋሳቱ ጉድፉን ጠርገውላቸው ይሁን አቁስለዋቸው ገና አልተነገረንም። አሁንም በዚህ ሐዘን መካከል የላቦራቶሪው ጥሪ እንዳያመልጠው የወንድሜ ስልክ ክፍት ነው፤ ዝጋው ያለው የለም።

ፈጣሪ የደከመች ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ ለእኛም የሚመጣውን የምንሰማበት ልብ ይስጠን።