የኩይሳው እንጉዳይ

ነሐሴ 5/79፣ ጠዋት
ሽሮው ተንተከተከ። ፍልሰታ ገና አምስተኛ ቀኗ፣ ቤቱ ሁሉ ሽሮ ሽሮ ይላል። ሌሊቱን ዘንቦ አደረ፤ አሁን ፀሐይ ወጣ ገባ። የእንጉዳይ አየር። ባሌ ለሜሳ ቢኖር ይኼኔ ሱሪውን ጠቅልሎ ወጥቷል።
በበጋው ገበሬ ማኅበሩ ለመንደር ምሥረታ ብሎ ቤታችንን አስፈርሶ ወደዚህ፣ ወደ እጃጂ መንገድ ዳር አወረደን። ባሌ ለዘመቻ ሲሄድ የሚያውቀው የላይኛውን ቀዬ ነው። ደብዳቤው ከቆመ ሁለት ክረምት። ቢመጣ ወዴት ይሄዳል? ደብተሬ፣ ሌላ ሐሳብ የለኝም።

ነሐሴ 6
ጎረቤቴ ወ/ሮ አስካለ ከግጦሹ ሜዳ እንጉዳይ ለቅማ መጣች። ገልብጬ አየሁት። ሥሩ አጭር፣ አንገቱ ላይ ቀለበት፣ ከታች አረንጓዴ ይላል። የጅብ ጥላ ነው፣ ጣዪው አልኳት። ደህናው የት ይገኛል አለች። እኔ እንጃ አልኳት። ደህናው የሚበቅልበት የላይኛው ቀዬ ኩይሳ የባሌ ቤተሰብ ምስጢር ነው፤ ለውጭ ሰው አይነገርም።
“ባልሽንም እንዲሁ ደብቀሽው ይሆናል” ብላ ሳቀች። ሳቅኩላት።

ነሐሴ 7፣ ከሰዓት
ወደ ላይኛው ቀዬ ወጣሁ። ቀዬውን ሣር ውጦታል። ኩይሳው አለ። እንጉዳዩ ተለቅሟል። የቀሩት ትንንሾቹ ናቸው፤ አናታቸው ሾጠጥ ያለ፣ ከታች ነጭ። የተለቀመው ረጅም ሥሩ ሳይበጠስ ተስቦ ወጥቷል፤ ቀዳዳው በእጅ በአፈር ተደፍኗል። እንዲህ የሚደፍን አንድ ሰው ነው የማውቀው።
ስሙን ጠራሁ። ወደ ወንዙ ወረድኩ፣ ተመለስኩ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ተቀመጥኩ። ማንም።

ማታ፣ 12 ሰዓት
ቤት ስገባ የለሜሳ እህት ጫልቱ እንጉዳዩን ታቁላላለች። ከእጃጂ ልትጠይቀኝ ስትመጣ በላይኛው ቀዬ አልፋ ለቅማው ነው። የቀሚሴን ጭቃ አይታ ገባት።
“ማሎ፣ እባክሽ እትዬ፣ እሱ መስሎሽ ነው?”
እሷም በየጊዜው እንደምትወጣ ነገረችኝ፤ ወንድሟ ቢመጣ ባዶ ቦታ እንዳያገኝ። ማንም ሳያማስለው እንጉዳዩ አረረ። ያረረውን በላን።

ነሐሴ 8
ኩይሳውን ለሰው ላሳይ ነው ስላት ጫልቱ ተቆጣች። እናቷን አነሳች፣ የእናቷን እናት አነሳች። እኔና አንቺ ብቻ ስንት ቀን እንወጣለን አልኳት።
ነገ አስካለን ይዣት እወጣለሁ። ኩይሳውን አሳያታለሁ፤ ለጠየቀኝም ሁሉ እነግራለሁ። ለእኛ ላይተርፈን ይችላል። ይሁን። ክረምቱን እዚያ ሰው አይጠፋም። ቤቱን ፈልጎ የመጣ ቢኖር፣ ወደ ታች ወርደዋል የሚለው አያጣም።