እስከ ሐሙስ እንዲነቀሉ ስለታዘዙት የአሥራ ሁለት ቤት አበቦች

ለክቡር የጎዳና ውበት ማስተባበሪያ ክፍል ኃላፊ
ከሚሴ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላህ። ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ሙሉ ጤና፣ ለባለሙያዎ ለአቶ ሪድዋን ደግሞ ከመኪና የሚያወርድ ጉልበት አላህ እንዲሰጥልኝ በመመኘት እጀምራለሁ። በመንደራችን በአሥራ ሁለት ቤቶች ደጅ ያለው ክሪሳንተመም አበባ ሁሉ እስከ ፊታችን ሐሙስ ተነቅሎ እንዲቃጠል ያዘዙበት ደብዳቤ ከሦስት ሳምንት በፊት ደርሶኛል። ማኅተሙ በጥንቃቄ የተመታ ነው፤ አበባውም በዚያው ጥንቃቄ ቢታይ ኖሮ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍኩ፣ ግልባጩንም ለጎረቤቶቼ ባላደልኩ ነበር።

አንደኛ፦ ከሁለት ወር በፊት እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ ክፍልዎ ጣሳዎቻችንን ከነአበባቸው ተውሶ በአስፋልቱ ዳር አራት ቀን ደረደራቸው። እንግዶቹ በመኪና ሲያልፉ እንዲያምርባቸው ቅጠል ከቅጠል እስኪነካካ ተጠጋግተው ነበር፤ በዚያ ፀሐይና አቧራ ውሃ የሰጣቸው ግን አልነበረም። ቀይ ሸረሪት የሚባለው፣ ከስኳር ቅንጣት የሚያንሰው ተባይ ደግሞ ሙቀትና ድርቀት ይወዳል። ተባዩ መጀመሪያ ከማን ጣሳ እንደተነሣ አላውቅም፤ ከእኔው ሊሆን ይችላል። ወደ አሥራ ሁለቱም ቤት ያዳረሰው ማን እንደሆነ ግን አውቃለሁና ለድካምዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ሁለተኛ፦ ቅጠሎቹ በጥቃቅን ነጫጭ ነጥቦች ሲዥጎረጎሩ አቶ ሪድዋን መጡ። የመኪናውን መስታወት ዝቅ አድርገው አዩና «እናቴ፣ ይህ ቫይረስ ነው፤ መድኃኒት የለውም» አሉኝ። ቅጠሉን ገልብጠው እንዲያዩት ለመንኳቸው፤ ስብሰባ እንዳለባቸው ነገሩኝ። በልጅነቴ ያስተማሩኝ መምህር ሳያይ መልስ የሰጠን ተማሪ እስከ ደወል ድረስ ያቆሙት ነበር፤ ዛሬ መኪና ውስጥ እንደሚቀመጥ ቢያዩ ይገረሙ ነበር። በማግስቱ ደግሞ የዝንብ መርዝ አስረጩልን። ቫይረስ በዝንብ መርዝ እንዴት እንደሚሞት እስካሁን አልተገለጠልኝም። መርዙ ቀይ ሸረሪቱን አልነካውም፤ እሱን እየለቀመች የምትበላውን ትንሽ ጥቁር ጥንዚዛ ግን ጨረሳት። በሳምንቱ ቅጠሎቹ በቀጭን ድር ተሸፈኑ።

ሦስተኛ፦ የትእዛዝዎ ጀርባ ንጹሕ ነጭ ስለነበር ከአበባው ሥር ዘርግቼ ቅጠሉን መታ መታ አደረግኩበት። አቧራ መሳይ ነጥቦች ወደቁ፤ ጥቂት ስጠብቅ መራመድ ጀመሩ። ጎረቤቴ ረቢአ መነጽሬን ተውሳ አየችና፣ ከቢሮዎ ከመጡልን ወረቀቶች ሁሉ አንድ ነገር ያሳወቀን ይኸኛው ነው ብላለች።

ጣሳዎቹን አራራቅናቸው። የባሰባቸውን ቅጠሎች ቆርጠን በላስቲክ ቋጥረን ጣልን። የቀሩትን በየሦስት ቀኑ ማለዳ ጀርባቸውን በውሃ ኃይል፣ ከዚያም በቀጭን የሳሙና ውሃ አጠብን። እንቁላሉ በአንድ እጥበት ስለማይጠፋ አምስት ጊዜ ደጋገምነው። አሁን የሚወጣው ቅጠል ነጥብ የለበትም።

ይህን ያህል የምለፋው ለጎዳናው ውበት አይደለም። በአሥራ ሁለቱም ቤት ያለው ቢጫ አበባ የሟች እህቴ የመሪየም ነው፤ ሰንበቴ ከተማ ከነበረው ግቢዋ አንድ ቅርንጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ አምጥቼ ያራባሁት ነው። ግቢዋ ዛሬ የለም። ሐሙስ የሚቃጠለው ከእሷ የቀረኝ ነገር ሁሉ ነው።

ስለዚህ ትእዛዙን እንዲሽሩልን፣ ካልሆነም ሐሙስ ጠዋት ራስዎ መጥተው አንድ ቅጠል ገልብጠው እንዲያዩ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ከመኪና መውረድ ለሚከብደው ሰው የሚረዳ በርጩማ በደጄ አዘጋጅቻለሁ።

አላህ ዓይንዎን ያብራልዎ፣ ወገብዎንም ለማጎንበስ ያበርታልዎ እያልኩ፣ የማኅተምዎ አክባሪና የወረቀትዎ ተጠቃሚ የሆንኩት

ዙቤይዳ ሙሄ

የተረሳ፦ ይህን ደብዳቤ ለማስገባት ዛሬ ማክሰኞ በቢሮዎ ደጅ ሦስት ሰዓት ያህል ስቀመጥ፣ ከበርዎ ግራና ቀኝ የቆሙትን ሁለት ክሪሳንተመሞች በዚያው በትእዛዝዎ ጀርባ መረመርኳቸው። ነጥቦቹ ይራመዳሉ። ትእዛዙ እነሱንም ይመለከት እንደሆነ የሚነግረኝ ስላጣሁ ከዘበኛው ውሃ ለምኜ አጠብኳቸው። ቀጣዩ እጥበታቸው ዓርብ ነው፤ ያው ሐሙስን ካለፉ።