ለቀጠሮ ብለህ ወጥተህ አደባባይ የዋልክበት ቀን

ወንዴ፣

ከተለየኸኝ ሰባት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ሆነ። «ውድ ባለቤቴ» ብዬ ልጀምር አስቤ እጄ እምቢ አለኝ። ተቆጥቼብሃለሁ። በሞተ ሰው አይቆጡም ይሉኛል፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ አልበረደልኝም።

ቤቱን ልንገርህ። ሊዲያ አንደኛ ክፍል ገባች፤ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትናገር ታፏጫለች። የኤሌክትሪክ ሥራ ዕቃህን፣ ፒንሳህንም ቴስተርህንም፣ ለወንድምህ ሰጠሁት። የደረጃው አምፖል ከተቃጠለ ሦስት ሳምንት አለፈው። ለቡ ሰፈር የሰው ሕንፃ ላይ የመብራት ሽቦ ስትዘረጋ ኖረህ፣ እኔ አራተኛ ፎቅ የምወጣው እየዳበስኩ ነው።

ያን ቀን ልብህን የሚከታተለው ሐኪም ቀጥሮህ ነበር። አዲሱ መንግሥት መስቀል አደባባይ ቃለ መሐላ የሚፈጽምበት ቀን መሆኑን ስለማውቅ፣ «መንገድ ይዘጋል፣ በጊዜ ውጣ» ያልኩህ እኔው ነኝ። ነጩን ሸሚዝ ተኩሽልኝ አልከኝ። ሐኪም ፊት ደህና ሆኖ መቅረብ ፈልጎ ነው ብዬ ኮሌታውን ሁለት ጊዜ ተኮስኩት። ቆመህ ታየኝ ነበር። አፍህ ላይ የደረሰ ነገር እንደነበር ዛሬ ሳስበው ይታወቀኛል፤ ግን ዋጥከው።

ከቀትር በኋላ ከአንተ ስልክ ተደወለልኝ። ኤርሚያስ ነው፣ የሥራ ጓደኛህ። «እህቴ፣ ወንዴ ወድቋል፣ ሐኪም ቤት ነን፣ ቶሎ ነይ» አለኝ። ጀሞ ካለው ቤታችን ሐኪም ቤቱ ድረስ እንዴት እንደሄድኩ አላውቅም። ስደርስ ፊትህን ሸፍነውታል። ልብስህን ሲሰጡኝ ከሸሚዝህ ኪስ የወረቀት ባንዲራ ወጣ። የት እንደዋልክ የገባኝ ያኔ ነው።

ለቅሶው ላይ ኤርሚያስን በሰው ሁሉ ፊት «አደባባይ ወስደህ የገደልከው አንተ ነህ፣ ውጣልኝ» አልኩት። ተነሥቶ ወጣ። ከሁለት ወር በኋላ መጥቶ በር ላይ እንደቆመ፣ «እኔ አልወሰድኩትም። ከቤቴ ቀስቅሶ ያወጣኝ እሱ ነው። ቀጠሮህስ ስለው፣ ለነገ ተዛወረ አለኝ» አለ። እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠየቅሁት። ንጹሕ ሰው ላይ ያስጮኸኝ የአንተ ውሸት ነው፤ ይህን እወቀው።

የቀረውን ተቀምጦ ነገረኝ። መንገድ ተዘግቶ ታክሲው ሳር ቤት ላይ አራገፋችሁ። ከዚያ በሜክሲኮ አድርጋችሁ ወደ አደባባዩ በእግር ሄዳችሁ። ሁለት ጊዜ ደረትህን ይዘህ ቆምክ። እንመለስ ሲልህ፣ «እስከ ዛሬ ሥልጣን ሲቀየር በሬዲዮና በተኩስ ነው የሰማሁት፤ አንዱን እንኳ በዓይኔ ልየው» አልከው። አየኸውም። ስትመለሱ ሜክሲኮ ላይ የአጥር ግንብ ተደግፈህ ተቀመጥክ፤ በዚያው ቀረህ።

ባለፈው ቅዳሜ መንገድህን ሄድኩበት። ከሳር ቤት ተነሥቼ በእግሬ። አደባባዩ ባዶ ነው፣ ስፖርት የሚሠሩ ሰዎች ብቻ ደረጃውን ይወጣሉ ይወርዳሉ። ጥግ ይዤ ተቀመጥኩና ድምፄን አውጥቼ ሰደብኩህ። አጠገቤ የነበረች ሴት ተነሥታ ቦታ ቀየረች። ብትነግረኝ አልለቅህም ነበር፣ በእሱ ልክ ነህ። ቀጠሮው ግን ያን ቀን ነበር፤ አደባባዩን በቴሌቪዥን ማየት ትችል ነበር፤ ልጅ ነበረችህ። ደግሞ እኔ ጤነኛዋ ሳልደርስ ሁለት ጊዜ አረፍኩ። በዚያ ልብህ እንዴት ብለህ ደረስክ?

ዘመድ ሁሉ ለሊዲያ «አባትሽ አገሩን ሲወድ ሞተ» ይላታል። እኔ እንደዚያ አልላትም። ስታድግ፣ አባትሽ እኔን ዋሽቶ፣ የታመመ ልቡን ይዞ ወጣ፣ ሊያይ የፈለገውን አይቶ ሞተ እላታለሁ። እሷ የፈለገችውን ትፍረድ።

ይቅር አላልኩህም። ያን ቀን አደባባዩ መድረክ ላይ ከተቀመጡት ሹማምንት መካከል ስምህን የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። እኔ ግን በሕይወት እስካለሁ በየቀኑ እጠራዋለሁ፣ በቁጣም ቢሆን።

ባለቤትህ አስቴር